አዲስ አበባን ሳይነኩ ከክልል ወደ ክልል፦ የትኛው ቀጥታ በረራ ያዋጣል?

ጣና ዳር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የአገር ውስጥ በረራችን እንደ መንኮራኩር ነው፤ ሁሉም ዘንግ ቦሌ ላይ ይገናኛል። ከባሕር ዳር ሐዋሳ፣ ከመቀሌ ድሬዳዋ፣ ከአሶሳ ጋምቤላ የሚሄድ ሰው በአብዛኛው አዲስ አበባ ወርዶ፣ ሌላ አውሮፕላን ጠብቆ እንደገና ይነሳል። ሁለት ጊዜ ፍተሻ፣ ሁለት ጊዜ ቦርዲንግ፣ መሃል ላይ ሰዓታት። አየር ማረፊያ ከ20 በላይ አለን፤ በየከተማው መንደርደሪያው ተነጥፏል፣ ተርሚናሉ ተሠርቷል። ታዲያ ከተማ ለከተማ በቀጥታ የማይገናኘው ለምንድን ነው? ወይስ ሂሳቡ አያወጣም? በስሜት ሳይሆን በቁጥር እንነጋገር። የኔ ዕጩዎች ባሕር ዳር–ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር–ድሬዳዋ፣ መቀሌ–ድሬዳዋ፣ አሶሳ–ጋምቤላ እና ጅማ–አርባ ምንጭ ናቸው።


የካርታ ሰው

መጀመሪያ ርቀቱን እንለካ። ከታች ያሉት የአየር ላይ ቀጥታ ርቀቶች ናቸው፤ ከአየር ማረፊያዎቹ መጋጠሚያ ነጥብ የተሰሉ ስለሆኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲህና ወዲያ ሊሉ ይችላሉ።

ባሕር ዳር–ሐዋሳ በቀጥታ 513 ኪ.ሜ.፣ በአዲስ አበባ በኩል 546። ልዩነቱ 33 ኪ.ሜ. ብቻ ነው።
ባሕር ዳር–ድሬዳዋ በቀጥታ 542፣ በአዲስ አበባ 676።
መቀሌ–ድሬዳዋ በቀጥታ 495፣ በአዲስ አበባ 846።
ጅማ–አርባ ምንጭ በቀጥታ 200፣ በአዲስ አበባ 614።
ጋምቤላ–ጅማ በቀጥታ 254፣ በአዲስ አበባ 738።
አሶሳ–ጋምቤላ በቀጥታ 210፣ በአዲስ አበባ 952።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። አዲስ አበባ የአገሪቱ እምብርት ላይ ስለተቀመጠች ሰሜንን ከደቡብ ለሚያገናኝ መስመር መንገድ ላይ ያለች ጣቢያ ናት፤ ማዞሪያ አይደለችም። ከባሕር ዳር ሐዋሳ የሚበር አውሮፕላን ቢወድም ቢጠላም በአዲስ አበባ አቅራቢያ ነው የሚያልፈው። እዚያ መስመር ላይ ተሳፋሪውን የሚጎዳው ርቀቱ ሳይሆን ጥበቃው ነው፤ ጥበቃ ደግሞ በሰዓት ሰሌዳ ይታረማል፣ አዲስ መስመር አይጠይቅም። እውነተኛው ትርፍ ያለው ዳር ለዳር በሚሄዱት ላይ ነው፦ ከአሶሳ በጋምቤላና በጅማ አድርጎ እስከ አርባ ምንጭ ያለው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ቅስት፣ እና መቀሌ–ድሬዳዋ።

ችግሩ፣ ርቀት የሚቆጥቡት መስመሮች ተሳፋሪ የሳሳባቸው መሆናቸው ነው። ተሳፋሪ ያለባቸው ደግሞ ርቀት አይቆጥቡም።


ድሬ ከዚራ

በካርታ ሰው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በጣም አጭሩም አያዋጣም። ድሬዳዋ–ጅግጅጋ በአየር 120 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ በመኪና በሐረር በኩል ወደ 160። ባሕር ዳር–ጎንደር በአየር 100 ኪ.ሜ.፣ በአስፋልት 180 አካባቢ። አውሮፕላኑ አየር ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ባይሞላም ተሳፋሪው ከቤቱ ወጥቶ፣ ተፈትሾ፣ ተሳፍሮ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ ከተማ እስኪገባ ሦስት ሰዓት ይሄዳል። ሚኒባሱም በዚያው ሰዓት ያደርሰዋል፣ ያውም በትንሽ ብር። እንዲህ ያለ አጭር መስመር ትርጉም የሚኖረው የረጅም ጉዞ ቁራጭ ሲሆን ብቻ ነው።

መቀሌ–ድሬዳዋ ላይ ግን ከልቤ አምናለሁ። 351 ኪ.ሜ. ይቆጥባል፣ አብዛኛው መንገድ በአፋር ቆላ ላይ ነው፣ ሰመራ ደግሞ ከመስመሩ 50 ኪ.ሜ. በማይሞላ ርቀት ግማሽ መንገድ ላይ ትገኛለች። ችግር ቢፈጠር የሚታረፍበት ቦታ አለ ማለት ነው።


ሚዛን

የርቀቱን ነገር እቀበላለሁ፤ ነገር ግን አውሮፕላን የሚበረው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፣ በኪሎ ግራምም ነው። የአገር ውስጡን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ዳሽ 8-400 ነው፤ ብዙዎች ኪው 400 የሚሉት። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ውስጥ ፎከር 50ን የተካው እሱ ነው። እንደ ወንበሩ አደረጃጀት 70 እስከ 78 ሰው ይጭናል። ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ 29,257 ኪሎ፣ ከፍተኛ የማረፊያ ክብደቱ 28,009 ኪሎ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ።

አንደኛ ነገር ከፍታና ሙቀት። መቀሌ 2,257 ሜትር ላይ ነው፣ በጫማ 7,405። በዚያ ከፍታ በበረራ ስሌት መደበኛ የሚባለው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩና ክንፉ 10,400 ጫማ ገደማ ላይ እንዳሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከመደበኛው ሙቀት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ትደምራላችሁ። ድሬዳዋ 1,167 ሜትር ላይ ሆና 35 ዲግሪ ብትግል እንኳ 7,100 ጫማ አካባቢ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚፈራው የድሬ ሙቀት ሳይሆን የመቀሌ ከፍታ ነው ጭነት የሚቀንሰው። በዚያ ላይ አንድ ሞተር ቢጠፋ፣ ጎማው ከታጠፈ በኋላ አውሮፕላኑ ቢያንስ በ2.4 በመቶ ሽቅብ መውጣት እንዲችል ተደርጎ ነው የመነሻው ክብደት የሚወሰነው። በዙሪያው ተራራ ካለ ከዚያም በላይ ይጠየቃል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ከደጋ የሚነሱትን በረራዎች ጠዋት ላይ ማድረግ።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው፤ ሰው የሚዘነጋውም ይህን ነው። በክልል ጣቢያ ሁሉ እንደ ቦሌ ነዳጅ አይቀዳም፤ ቢኖርም ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጉዞ ስለሚደርስ ውድ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ የመልሱንም ነዳጅ ተሸክሞ ይሄዳል። አዲስ አበባ–አሶሳ–ጋምቤላ–አዲስ አበባ የሚል ሦስት ማዕዘን እንውሰድ፦ 476፣ 210፣ 476 ኪ.ሜ.። መሃል ላይ ነዳጅ አልተቀዳም እንበል። ለዕቅድ በሚበቃ ግምት የጉዞው ነዳጅ 1,200 ሲደመር 750 ሲደመር 1,250፣ ማለትም 3,200 ኪሎ ይሆናል። ለተለዋጭ አየር ማረፊያ፣ ለ30 ደቂቃ መጠባበቂያና ላልታሰበው 1,400 ጨምሩ፤ 4,600። ባዶው አውሮፕላን ከነሠራተኛው 18,000 ኪሎ አካባቢ፣ 78 ሰው ከነሻንጣው በ95 ኪሎ ሂሳብ 7,410። ድምሩ 30,010 ኪሎ። ከመነሻው ገደብ 750 ኪሎ አልፏል። አሶሳ ሲደርስ 1,200 ኪሎ ነዳጅ አቃጥሎ 28,810 ይመዝናል፤ ከማረፊያው ገደብ 800 ኪሎ አልፏል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው 9 ወንበር ባዶ መሄድ አለበት፤ 69 ሰው ብቻ። የቦሌ ከፍታ ተጨማሪ ክብደት ካስቀነሰ ቁጥሩ ከዚያም ይወርዳል።


ባሮ ማዶ

ሚዛን፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ተዘርዝሮ አይቼው አላውቅም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አሶሳና ጋምቤላን የሚያገናኘው መንገድ በወለጋ ኮረብቶች ተጠማዞ ስለሚሄድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ምንም አማራጭ የለም። ስለዚህ 70 ወንበር ያለው አውሮፕላን ከበዛ 12 ሰው የሚይዝ ትንሽ አውሮፕላን፣ ለምሳሌ ሴስና ካራቫን፣ ለምን አይሆንም? ሁለተኛው፣ ጋምቤላ ላይ ነዳጅ ቢቀዳ ያ 9 ወንበር ይመለሳል?


ሚዛን

ከሁለተኛው ልጀምር። ጋምቤላ ላይ ቢቀዳ የመጨረሻውን እግር (ከጋምቤላ አዲስ አበባ ያለውን የበረራ ክፍል) 1,250 ኪሎ ነዳጅ ከቦሌ መሸከም ይቀራል፤ የመነሻ ድምሩ ወደ 28,760 ይወርዳል፣ አሶሳ ሲያርፍ 27,560። ሁለቱም ከገደብ በታች ናቸው፤ 9ኙ ወንበር ይመለሳል። ግን አንድ ቦቴ መኪናና ታንከር አቁሞ፣ የነዳጁን ጥራት በየቀኑ የሚመረምር ሰው ቀጥሮ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ መሸጥ ለነዳጅ አቅራቢው አያወጣለትም። ነዳጅ ሲቆም ውሃ ይቋጥራል፣ ማጣሪያው በጊዜው መለወጥ አለበት፣ ናሙና ተወስዶ ካልጸዳ አብራሪው አይቀበልም። ስለዚህ ዲፖው የሚታሰበው የቀኑ በረራ ከበዛ በኋላ ነው።

ካራቫን ላይ፦ ፍጥነቱ በሰዓት 340 ኪ.ሜ. አካባቢ ነው፤ የኪው 400 ወደ 660። በ210 ኪ.ሜ. መንገድ ላይ ልዩነቱ 15 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ትልቁ አውሮፕላን ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው ወጥቶ ሲያበቃ ስለሆነ በአጭር መንገድ ፍጥነቱ ይባክናል። እስከዚህ ድረስ ካራቫን ያሸንፋል። ሸክሙ ግን ሌላ ነው። ካቢኑ ግፊት የለውም፤ ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ለሚበልጥ ጊዜ ሲበር ለአብራሪዎቹና ለተወሰነ የተሳፋሪ ቁጥር ኦክስጅን ያስፈልጋል፣ ከ13,000 በላይ ለሁሉም። ቱሉ ወለል ወደ 3,300 ሜትር ነው፤ ከመስመሩም ሩቅ አይደለም። ደመና ውስጥ ተገብቶ የሚበር ከሆነ ዝቅተኛው ከፍታ ወደ 13,000 ጫማ ሊጠጋ ይችላል። ሞተሩ አንድ ነው፣ ስለዚህ በክረምት ደመና ውስጥ ሰው ጭኖ መደበኛ በረራ ለማድረግ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። የአብራሪው፣ የኢንሹራንሱና የጥገናው ወጪ ደግሞ በ78 ሳይሆን በ9 ወይም በ12 ሰው ነው የሚካፈለው። ለሕክምና፣ ለእርዳታ ድርጅት፣ ለቻርተር ግሩም አውሮፕላን ነው። ቲኬት ቆርጦ በየቀኑ ለሚሄድ ሕዝብ ግን ዋጋው ከአቅም በላይ ይወጣል።


ሰንጠረዥ

ሚዛን ያነሡት ሦስት ማዕዘን የዚህ ሁሉ ውይይት ቁልፍ ይመስለኛልና በሰዓት ልክ ልዘርጋው።

በአብዛኞቹ የክልል አየር ማረፊያዎች በረራ የሚከናወነው በቀን ብርሃን ነው፤ የመንደርደሪያ መብራት በሌለበት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ማረፍ የለም። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ለክልል ሥራ ያለው ቀን 12 ሰዓት ብቻ ነው። በቀን የሚያባክነው እያንዳንዱ ሰዓት ከሌላ ከተማ የተነጠቀ በረራ ነው።

አሶሳንና ጋምቤላን ለየብቻ ከአዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ፦ 1፡10 ሲደመር 30 ደቂቃ መሬት ላይ ሲደመር 1፡10፣ ማለትም 2፡50። ሁለት ጊዜ፣ መሃሉ ላይ ቦሌ 40 ደቂቃ፣ 6 ሰዓት ከ20። ሦስት ማዕዘኑ ግን፦ ከአዲስ አበባ ጠዋት 1፡00 ይነሳል፣ አሶሳ 2፡10፣ በ2፡40 ይነሳል፣ ጋምቤላ 3፡30፣ በ4፡05 ይነሳል፣ አዲስ አበባ 5፡15። 4 ሰዓት ከ15። የተበረረው 1,162 ኪ.ሜ. ነው፤ በሁለቱ ምልልስ ግን 1,904 ነበር። 742 ኪ.ሜ. የሚያክል ነዳጅና ከሁለት ሰዓት በላይ የአውሮፕላን ጊዜ ተረፈ፣ በዚያ ላይ አሶሳና ጋምቤላ ተገናኙ። ማረፍና መነሳቱም ከአራት ወደ ሦስት ወርዷል፤ ጎማ፣ ፍሬንና የሞተር ዕድሜ የሚቆጠረው በሰዓት ብቻ ሳይሆን በመነሳትና በማረፍ ጭምር ስለሆነ ይህም ገንዘብ ነው።

ቅደም ተከተሉም በዘፈቀደ አይደለም። ጋምቤላ የመጨረሻ የሆነው ሙቀቱ ስለሚበረታ ነው፤ በመጋቢት 40 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። እዚያ ሲደርስ አውሮፕላኑ ነዳጁን አራግፎ ቀልሏል፣ ሰዓቱም ገና ረፋድ ነው።

ግን ነጻ ምሳ የለም። በሁለት በረራ 156 ወንበር የነበረው ወደ 78 ወረደ፣ በነዳጁ ምክንያት የመጀመሪያው እግር 69። ስለዚህ ሦስት ማዕዘን የሚሠራው የአሶሳና የጋምቤላ በረራዎች በዚያ ቀን ተደምረው 69 ሰው በማይሞሉበት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ35 በታች ሲይዙ ማለት ነው። ሰኞና ዓርብ ይህ አይሆንም። ማክሰኞ ወይም ቅዳሜ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ስውር ጉዳይ የመሃሉ እግር ላይ ሦስት ዓይነት ተሳፋሪ መሻማቱ ነው፦ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ የሚሄደው፣ ከአሶሳ ጋምቤላ የሚሄደው፣ እና ከአሶሳ በጋምቤላ ዞሮ አዲስ አበባ የሚገባው። የአጭሩ ቲኬት ቀድሞ ተሽጦ ቢያልቅ ረጅሙን የሚከፍል ሰው ወንበር ያጣል። ስለዚህ ለአጭሩ እግር ኮታ ይያዝለታል፤ ለምሳሌ 20 ወንበር፣ ከበረራው 3 ቀን በፊት የተረፈ ካለ ይለቀቃል። ይህን የማያውቅ ሰው «አውሮፕላኑ ባዶ እየሄደ ቲኬት የለም ይሉኛል» እያለ ያማርራል።

አንድ ቅሬታም ይጠብቃችኋል። የአሶሳው ሰው አዲስ አበባ ለመግባት 476 ሳይሆን 686 ኪ.ሜ. ይበራል፣ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይዘገያል። ለዚህ ማክሰኞ በአሶሳ በኩል፣ ቅዳሜ በጋምቤላ በኩል እያሉ ዙሩን ማገላበጥ ይቻላል። ሲገላበጥ ግን የመጨረሻው መነሻ አሶሳ ስለሚሆን የነዳጁን ሂሳብ እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።


ገበያ ተመልካች

እስካሁን የተባለው ሁሉ የወጪ ጎን ነው። የገቢውን ጎን ማንም አልነካም።

በሳምንት 3 ጊዜ ደርሶ መልስ የሚበር 78 ወንበር በዓመት 24,336 ወንበር ነው። 70 በመቶ ለመሙላት 17,035 ተሳፋሪ ያስፈልጋል። በየአቅጣጫው ሲካፈል በየቀኑ 23 ሰው ማለት ነው፤ ክረምት ከበጋ፣ ጾም ከፍስክ። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከባሕር ዳር ድሬዳዋ በየቀኑ የአውሮፕላን ዋጋ ከፍሎ የሚሄድ 23 ሰው አለ? ከአሶሳ ጋምቤላስ?

ፍላጎትን ለመገመት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ከቲኬት መዝገብ ላይ ከከተማ ሀ ተነስተው ቦሌ ላይ አውሮፕላን ለውጠው ከተማ ለ የገቡትን መቁጠር። የሁለት ዓመት ውሂብ በወር በወር ተለይቶ ያስፈልጋል፤ የአንድ ወር ቁጥር ያታልላል። ቀጥሎ አዲስ አበባ አድረው በተለየ ቲኬት የቀጠሉት አሉ፤ እነዚህ በመዝገብ ላይ እንደ ሁለት ጉዞ ስለሚታዩ በስምና በቀን ማዛመድ ይጠይቃል። ሦስተኛው የአውቶቡስ ተሳፋሪ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ወደ አየር የሚዞረው በጣም ጥቂቱ ነው። ብዙ ጥናት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ «በዚህ መንገድ በቀን ይህን ያህል አውቶቡስ አለ» ተብሎ ግማሹ አውሮፕላን ይሳፈራል ተብሎ ይታሰባል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለምሳሌ ዳር ለዳር የሚጓዝ ትልቅ ሕዝብ ነው፤ ግን የሚንቀሳቀሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው፣ በአውቶቡስ ነው፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ነው። ለዓመት ሙሉ መስመር መሠረት አይሆንም።

ሌላው ምንዛሬ ነው። የአገር ውስጥ ትኬት በዋናነት በብር ይሸጣል። ነዳጅ፣ መለዋወጫ፣ የሞተር ጥገና፣ ኢንሹራንስ በዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የምንዛሬ ገበያው ሲከፈት ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ቀድሞ «ያዋጣል» የተባለ ጥናት ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ አርጅቷል። የቆየ ሰነድ ይዞ የሚከራከር ካለ ቀኑን ይመልከት።

ለንጽጽር ህንድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ኡዳን» የሚባል ዕቅድ አውጥታ ለክልል መስመሮች ድጎማ ሰጠች፤ ለሦስት ዓመት በመስመሩ ላይ ብቸኛ የመብረር መብት ጨመረችበት፣ የተወሰኑ ወንበሮች ላይ የዋጋ ጣሪያ አስቀመጠች። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከተመደቡት 774 መስመሮች 403ቱ ጨርሶ አልተጀመሩም። ከተጀመሩት 371 ውስጥ ሦስት ዓመቱን የጨረሱት 112 ናቸው። ድጎማው ካበቃ በኋላ የቀጠሉት 54 ብቻ። ያውም እኛ ጋር የሌለ የሕዝብ ብዛትና የአየር መንገዶች ውድድር እያላት። ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም የማነሳው፤ መስመር መክፈት ቀላል፣ ማቆየት ከባድ መሆኑን ቁጥሩ ስለሚናገር ነው።


ላስታ

ዓመቱን ሙሉ የማያዋጣ መስመር ለሦስት ሳምንት ሊያዋጣ ይችላል። ባሕር ዳር–ጎንደር–ላሊበላ–አክሱም የሚለው የታሪካዊ ቦታዎች ሰንሰለት ለአሥርተ ዓመታት የነበረና በአገራችን ክልልን ከክልል ያገናኘ ዋነኛው ምሳሌ ነው። የተመሠረተውም በትክክል ሰንጠረዥ ባሉት ዘዴ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ወጥቶ እየነካካ ይመለሳል። ጎንደር–ላሊበላ በአየር 180 ኪ.ሜ. ብቻ ነው፤ በመኪና ግን ወረታ ወርዶ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና ዞሮ ሙሉ ቀን ነው። መንገዱ የከፋበትና ቱሪስቱ የሚከፍልበት ቦታ ላይ አጭር በረራም ያዋጣል። ድሬዳዋ–ጅግጅጋ ላይ የሌለው ይህ ነው።

ቀኑን አስቡት። ገና በላሊበላ ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት በጎንደር ጥር 11። በመካከሉ 12 ቀን ነው፤ ገናን ያከበረ እንግዳ ጥምቀትን ለማየት ወደ ጎንደር ይጎርፋል። ግን አቅጣጫው አንድ ነው። ከላሊበላ ጎንደር ሙሉ፣ ከጎንደር ላሊበላ ባዶ። ደርሶ መልስ ያቀደ ግማሹን ባዶ ይበራል። ስለዚህ አዲስ አበባ–ላሊበላ–ጎንደር–አዲስ አበባ አድርጎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መዞር ነው ያለበት፣ ከጥር 1 እስከ 10። ኅዳር 21 የአክሱም ጽዮን ንግሥም በተመሳሳይ ዙር ሊስተናገድ ይችላል።

ላሊበላ 1,958 ሜትር ላይ ስለሆነ የሚዛን የክብደት ምክር እዚህም ይሠራል፤ 25 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት በኋላ 9,200 ጫማ እንደመሆን ነው። ከገና ማግስት ደግሞ ሁሉም ሻንጣ ከባድ ነው፤ በ95 ኪሎ ፋንታ 100 አስሉ።


ጣና ዳር

በጣም ተምሬበታለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማሁም። የካርታ ሰው ባሕር ዳር–ሐዋሳን በ33 ኪ.ሜ. ልዩነት ብቻ ጣሉት። ተሳፋሪው የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው። በቀጥታ 1፡20 የሚፈጀው በቦሌ በኩል አምስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከተሞች የስብሰባና የመዝናኛ ከተሞች ናቸው፤ ኮንፈረንስ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ያ ፍላጎት አይቆጠርም?


ሰንጠረዥ

ይቆጠራል፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው። አንድ አውሮፕላን በአንድ የበረራ ቁጥር ባሕር ዳር–አዲስ አበባ–ሐዋሳ ይብረር። ከባሕር ዳር 1 ሰዓት ተነስቶ ቦሌ 2፡00፣ የአዲስ አበባ ተሳፋሪዎች ይወርዳሉ፣ ለሐዋሳ የሚሄዱት ይሳፈራሉ፣ የባሕር ዳሩ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ 2፡40 ይቀጥላል፣ ሐዋሳ 3፡25። በአጠቃላይ 2 ሰዓት ከ25። ከቀጥታው የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ነው፤ ወንበሩን ግን በሁለቱም እግር ላይ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ይሞላዋል። 78ቱን ወንበር በባሕር ዳር–ሐዋሳ ሰው ብቻ መሙላት አያስፈልግም፤ 8 ሰውም ቢገኝ ትርፍ ነው።

የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ፦ ጠዋት ባሕር ዳር ላይ ጉም ወይም የቴክኒክ ችግር ከተፈጠረ መዘግየቱ ሐዋሳም ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ቦሌ ላይ 40 ሳይሆን 55 ደቂቃ ስጡት፣ ሰዓት አክባሪነቱ ሲረጋገጥ አጥብቡት።

የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድም በሂሳብ ይግባ። 200 ኪ.ሜ. ገደማው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ አዲስ አበባ–ሐዋሳ በመኪና በጣም ይቀርባል፤ ያኔ የሐዋሳ በረራ ህልውናው ከሩቅ ከተማ በሚመጣ ተሳፋሪ ላይ ይሆናል።


መንደርደሪያ

ስለ ሜዳው አንድ ሁለት ነጥብ። በረራ ሲጨመር ወዲያው የሚነሳው «የእሳት አደጋ መኪናው ይበቃል ወይ» የሚል ጥያቄ ነው። ኪው 400 ርዝመቱ 32.8 ሜትር ስለሆነ በዓለም አቀፉ ደረጃ ምድብ 6 ውስጥ ይገባል፤ «ደረጃ ለ» በሚባለው የእሳት ማጥፊያ አረፋ 7,900 ሊትር ውሃ ይጠይቃል። ነገር ግን በበዙበት ሦስት ተከታታይ ወራት የዚያ ምድብ አውሮፕላኖች መነሳትና ማረፍ ከ700 በታች ከሆነ አንድ ምድብ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል፤ 5,400 ሊትር። 700 ማለት በቀን ወደ 8 መነሳትና ማረፍ ነው። አሶሳና ጋምቤላ ላይ በሳምንት ሁለት ዙር መጨመሩ ከዚህ ጣሪያ አያሳልፍም። መኪናው ከመግዛት በፊት ይህ ይቆጠር።

የተሳፋሪ መውጫና መውረጃ ደረጃ አያስጨንቅም፤ ኪው 400 በበሩ ላይ የራሱ ደረጃ አለው። የሚያስጨንቀው የመሬት ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ቢደክምና ጣቢያው ላይ ማስነሻ ጀነሬተር ባይሠራ አውሮፕላኑ እዚያው ያድራል፤ መለዋወጫውም ቴክኒሻኑም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። በሦስት ማዕዘን በረራ ላይ ይህ ሲሆን የሁለት ከተማ ተሳፋሪ ነው የሚታገተው። ስለዚህ ቢያንስ በአንዱ ጣቢያ ጀነሬተሩ በየሳምንቱ ጭነት ተሰጥቶት ይፈተን፣ አንድ የተፈቀደለት ቴክኒሻን በበረራው ላይ አብሮ ይሂድ፣ አንድ መለዋወጫ ጎማም ይቀመጥ። የቴክኒሻኑ ወንበር ከሚሸጡት ይቀነሳል።


ባሮ ማዶ

ክልሎቹስ ምን ማድረግ ይችላሉ? በየስብሰባው «በረራ ይጨመርልን» ይባላል፤ ከጥያቄ ያለፈ ነገር ማቅረብ አይቻልም?


ገበያ ተመልካች

ይቻላል፤ በብዙ አገር የሚሠራበት መንገድ የወንበር ዋስትና ነው። ሁለቱ ክልሎች ለመሃሉ እግር፣ ለአሶሳ–ጋምቤላ፣ በእያንዳንዱ በረራ 18 ወንበር እንደሚሸጥ ዋስ ይሆናሉ። 11 ከተሸጠ የ7ቱን ዋጋ ይከፍላሉ፣ 18 ካለፈ ምንም አይከፍሉም። ውሉ ውስጥ የግድ መግባት ያለባቸው፦ የዓመቱ ክፍያ ጣሪያ (አለበለዚያ በጀት ይፈነዳል)፣ በአየር ሁኔታ ወይም በቴክኒክ ለተሰረዘ በረራ ዋስትናው እንደማይከፈል፣ የቲኬቱ ዋጋ ከፍተኛ ወሰን፣ የወሩ የተሳፋሪ ቁጥር በየወሩ ለክልሎቹ እንደሚሰጥ፣ እና በ6ኛው ወር የመውጫ በር። ውሉ በጥቅምት ይጀምር፤ በሐምሌ የተጀመረ መስመር በደመናና በስረዛ ስሙ ይጠፋል፣ ተሳፋሪው አንዴ ከመነመነ ደግሞ አይመለስም።

ከዋስትናው በፊት ግን ክልሎቹ የራሳቸውን ጉዞ ይቁጠሩ። የመንግሥት ሠራተኛ፣ የእርዳታ ድርጅት፣ የባንክ ሠራተኛ በወር ስንት ጊዜ ነው በአዲስ አበባ ዞሮ የሚሄደው? እነዚህን ጉዞዎች ማክሰኞና ቅዳሜ ላይ ማሰባሰብ ብቻ ግማሹን ዋስትና ሊሸፍን ይችላል።


ድሬ ከዚራ

መቀሌ–ድሬዳዋንስ ተዉት ማለት ነው? ሰንጠረዥ፣ አዲስ አበባ–መቀሌ–ድሬዳዋ–አዲስ አበባ 503፣ 495፣ 343፣ በድምሩ 1,341 ኪ.ሜ. ይመጣል። በዚያው ዘዴ አይሆንም?


ሰንጠረዥ

ሞክሬ አየሁት፤ እዚህ ሂሳቡ ይገለበጣል። ሁለቱን ለየብቻ መመላለስ 1,692 ነው፤ ቁጠባው 351 ኪ.ሜ. ብቻ። እና መቀሌም ድሬዳዋም ተሳፋሪ የሞላባቸው መስመሮች ናቸው፤ 69 ወይም 78 ወንበር ለሁለቱ ማካፈል በየትኛውም ቀን የሚያስኬድ አይመስለኝም። የሚሻለው ሁለቱም ከተሞች ላይ ያለውን ምልልስ ሳይነኩ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ፣ አንዱን የመቀሌ በረራ በድሬዳዋ በኩል ማስመለስ ነው። ጠዋት ከመቀሌ ይነሳል፣ ከ4 ሰዓት በፊት። የእሑዱ ተጨማሪ ወጪ በዋናነት 335 ኪ.ሜ. እና አንድ ማረፊያ ነው፤ 495 ሲደመር 343፣ ሲቀነስ 503። የዚህን ዋጋ በአማካይ ስንት የመቀሌ–ድሬ ቲኬት ይሸፍነዋል የሚለውን ገበያ ተመልካች ቢያሰሉልን ደስ ይለኛል፤ በኔ ግምት 20 አካባቢ ነው። በሰመራ ተለዋጭነት ላይ ግን የእሑድ የሥራ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ የተዘጋ አየር ማረፊያ ተለዋጭ ተብሎ አይመዘገብም፣ ሌላ ሩቅ ተለዋጭ ከተያዘ ደግሞ የሚጨመረው ነዳጅ ከመቀሌ በዚያ ከፍታ መነሳት አለበት።